ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የመጡት

ስሟን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና ወንድሟ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለከተማው ሰው ሁሉ «እትዬ ቆጠራ» ናት። በየሦስት ወሩ ሰባት ሰባት ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታው አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከከተማው መውጫ መገንጠያው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ወረቀት ላይ ትጭራለች። ትንሽ መኪና በራሱ ረድፍ፣ ሚኒባስ በራሱ፣ አውቶቡስ በራሱ፣ ከዚያ ቀላል ጭነት፣ ከባድ ጭነት፣ ተሳቢ። አራት ቁም ጭረት፣ አምስተኛው አግድም። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ስትጭር ኖራ መሥሪያ ቤቷ ዛሬም «ጊዜያዊ ሠራተኛ» ይላታል። በዚያ ከተማ ሃያ አንድ ዓመት ጊዜያዊ ሆነው የቆዩት እሷና የቧንቧ ውሃ መጥፋት ብቻ ናቸው።

ተቀምጦ መጫር ምን ይከብዳል የሚል ሰው አይጠፋም። ይቀመጥና ይየው። ጥላው ራስን ሲያድን ጉልበት ይጠበሳል፤ አቧራው ከጥርስ ጋር ይታኘካል፤ መንገዱ ጭር እስኪል ሽንት ይዞ መጠበቅም አለ። እሷ ግን በዚህ ሥራ ትኮራለች። ያላለፈ መኪና ጭራ አታውቅም፤ ያለፈም አምልጧት አያውቅም። አብዛኛውን ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ በሞተሩ ድምፅ ትለየዋለች።

ሥራው አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ቆጣሪ ለምን እንደሚቆጥር ለማንም አይናገርም። ሰው የሚቆጠርበትን ምክንያት ካወቀ እንደ ወትሮው አይሄድማ። ይህን ሕግ መጠበቅ ለእሷ ምንም አልነበረም፤ ለምን እንደምትቆጥር እሷም አታውቅም ነበርና። ወረቀቱ በፖስታ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም አይሰማ።

በዚህኛው ዙር ግን አወቀች። ቆጠራው ሊጀመር ዋዜማው ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት መሐንዲስ መጣና መኪናው ውስጥ አስገብቶ ካርታ ዘረጋላት። ከወደቡ ወደ መሀል አገር የሚወስደው መንገድ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው፤ ሰፊ አስፋልት። ካርታው ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል። የላይኛው በእነሱ ከተማ ያልፋል፤ አጭር ነው፣ ግን ዳገት ይበዛዋል። የታችኛው በሜዳው ዞሮ ይሄዳል፤ ረጅም ነው፣ ግን ለጥ ያለ ነው፤ ፋብሪካዎችም ወደዚያ መተከል ጀምረዋል።

«የላይኛው በቀን በአማካይ ሦስት መቶ መኪና ካሳየ፣ አጭሩ ይመረጣል» አላት። «ከሦስት መቶ ካነሰ ግን ከዕቅዱ ይወጣል። ለሃያ ዓመት ጥገናም አይመደብለትም። ይህን የምነግርዎት እንዲጠነቀቁ ነው፣ እትዬ። ከእርስዎና ከእኔ ሌላ ማንም እንዳይሰማ።»

ያለፈው ዙር አማካይ ሦስት መቶ ስምንት ነበር። የከተማውን ዕድል የያዙት ስምንት መኪኖች ናቸው ማለት ነው። መንገዱ ወደ ታች ከሄደ ነጋዴው ይከተለዋል፤ ነጋዴው ከወረደ ጭነት የለም፤ ጭነት ከሌለ ደግሞ ወንድሟ ምን ይሆናል? ወንድሟ አሮጌ የጭነት መኪና አለው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሚስት ሳያገባ መሪ ጨብጦ አሳደጋት፣ አስተማራት። ዛሬም የምትኖረው እሱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው።

ማታ ራት ላይ ትኩር ብሎ አያት።

«እኔ የምልሽ፣ ያ ልጅ ምን ፈልጎ ነው? ስንት ዘመን ስትቆጥሪ መሐንዲስ መጥቶ አይቼ አላውቅም።»

«ሥራ ነው፣ ጋሼ።»

«ሥራማ ሥራ ነው። የምን ሥራ?»

«እሱን አትጠይቀኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «እኔ ምን አውቄ፣ መኪና ስለሚወዱ ይሆናል» ብላ በሳቅ ታልፈው ነበር። አሁን ሳቁ እምቢ አላት። የእህቱን ፊት ማንበብ ለወንድሟ የቆየ ሙያው ነውና የደበቀችው ነገር እንዳለ ወዲያው ገባው። ክፉ ነገር ባይሆን ለምን ትደብቀኛለች አለ በልቡ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች ከመንገድ ሊወጡ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰምቶ ነበር። ሁለቱን አጋብቶ ሦስተኛ ወለደ፤ ቆጠራው አሮጌ መኪና ለመልቀም ነው ብሎ ደመደመ፤ ለሾፌር ጓደኞቹም ሹክ አላቸው። በዚያ ከተማ አሮጌ ያልሆነው የመሐንዲሱ መኪና ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ቆጠረች። በሁለተኛው መቶ ዘጠና። ዓይኗን ጠራረገች፣ ረድፉን ደግማ ደመረች፤ መቶ ዘጠና። በሦስተኛው ቀን መቶ ሃያ አንድ ላይ ቆመ። የወትሮዎቹ ሚኒባሶች የት ሄዱ? ጠዋት ጠዋት የሚወርዱት የእህል መኪኖችስ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ከተማው ስለ እሷ ቆጠራ ሲንሾካሾክ ያልሰማችው እሷ ብቻ ነበረች። ባዶውን መንገድ እያየች መቀመጥ ከድካም ሁሉ የከፋ ድካም ሆነባት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ቤቷ ስትገባ የወንድሟ መኪና ጓሮ ገብቶ፣ ጎማው ወልቆ፣ በድንጋይ ተደግፎ፣ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

«ምን ሆነብህ?» አለች ደንግጣ።

«ታሟል።»

«ምኑን?»

«እርጅና ነዋ። የእናንተ መሥሪያ ቤት የሚጠላው በሽታ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ፍንትው አለላት። «ጋሼ! ለእሱ አይደለም እኮ! ማንም መኪናህን አይነካብህም!»

«እሺ፣ ለምንድን ነው?»

አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

«አየሽ?» አለና ሸራውን በገመድ ማጥበቁን ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መገንጠያው ስትሄድ በየጓሮው ዓይኗን ጣል አደረገች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሦስት ሚኒባስ ጭድ ተጭኖባቸው ተደርድረዋል። ጎሚስታው ቤት በር ላይ አንድ ታክሲ የአልጋ ልብስ ለብሶ ተኝቷል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይመስላል። ሌላ ቀን ቢሆን እስኪያማት ትስቅ ነበር። ያን ቀን ሰማንያ ሰባት ቆጠረች።

አመሻሹ ላይ መሐንዲሱ ለቁጥጥር መጣና ወረቀቱን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህ ምንድን ነው፣ እትዬ? ወንበሩ ላይ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«እንቅልፍ ነገር…»

«ኢንጂነር፣» አለችው እርሳሷን አስቀምጣ፣ «እኔ እዚህ ወንበር ላይ ሳንቀላፋ ያየኝ ሰው ካለ ይምጣ።»

ልጁ አፈረና ጫማውን አየ፤ የቢሮ ሰው ሲያፍር የሚያየው ጫማውን ነው። ቢሆንም የተናገረው አልተመለሰም። በአራት ቀን የተቆጠረው ሁሉ ስድስት መቶ ስልሳ አንድ ነው። ሦስት መቶ ላይ ለመድረስ በቀሩት ሦስት ቀናት በየቀኑ አራት መቶ ሰማንያ መኪና ማለፍ አለበት። ይህ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወደ ቤቷ ስትሄድ በደመ ነፍስ ነበር የምትራመደው። ሕጉን ብትጠብቅ ዝምታዋ ከተማውን ይገድለዋል፤ ብትናገር ሥራዋን ታጣለች፣ ቆጠራውም ይረክሳል። ደጁ ላይ ስትደርስ ወንድሟ ከሸራው ሥር ቁጭ ብሎ የደረቀ ዳቦ ይበላ ነበር። ሁለት ቀን ሥራ የፈታ ሾፌር ምን ያህል እንደሚያረጅ ያን ቀን አየች። አንጀቷ አልቻለም፤ ሁሉንም ዘረገፈችለት።

ወንድሟ ዳቦውን አስቀመጠ።

«እንግዲያ ራሳችንን በራሳችን ነው የደበቅነው በይኛ» አለ። «ስንት ጎደለ?»

«ስንት ጎደለ አትበል። እኔ መሐንዲሱን የተደበቃችሁበትን ቀን ሰርዝልን ብዬ እለምነዋለሁ። አንተ እንደ ወትሮህ ሂድ። አንድም አትጨምር፣ አንድም አትቀንስ። ለማንም ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል።»

«ሞቼ ነው የምናገረው!» አለና ጎማውን ሊገጥም ተነሣ።

ወንድሟ ቃሉን አጠፈ ማለት ይከብዳል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንዴ ወረደ፣ ማታ አንዴ ተመለሰ፤ እንደ ወትሮው። ችግሩ አፉ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ለጎሚስታው ብቻ፣ አስምሎ ነገረው። ጎሚስታውም ለአንድ ሰው ብቻ፣ አስምሎ። ፀሐይ ሳትገባ ከተማው በሙሉ ምሎ ነበር።

ስድስተኛው ቀን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት መቶ አለፈ። መኪኖቹ ከከተማው እየወጡ፣ ከመገንጠያው ወዲያ ካለው የድንጋይ መፍጫ እየዞሩ፣ እየተመለሱ፣ ደግሞ እየወጡ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። «ፍሬን የለሽ» የሚባለው ወፍራም የሚኒባስ ሾፌር ለዘጠነኛ ጊዜ ሲያልፍ መስኮቱን ከፍቶ «በርቺ፣ እትዬ ቆጠራ!» ብሎ ጮኸላት። ባለ ታክሲው ከአልጋ ልብሱ ወጥቶ ሲመላለስ ይውላል፤ አንድ ቡትቶ ከበሩ እንደተንጠለጠለ ነበር። ሁሉም ይስቃሉ፣ ሁሉም እጃቸውን ያውለበልባሉ። ውለታ የዋሉላት መስሏቸዋል። እሷ ትጭራለች፤ ያለፈ መኪና መጫር አለበትና። እንዲህ ያለ ፍቅር ከጠላትነት በምን ይሻላል?

ስድስት ሰዓት ላይ የመሐንዲሱ መኪና ጥግ ይዛ ቆመች። ወርዶ ከጎኗ ቆመና ሩብ ሰዓት ያህል መንገዱን ተመለከተ።

«ይህችን ባለ ቡትቶ ታክሲ አራት ጊዜ አየኋት» አለ።

ታክሲዋን ከረድፏ ጫረቻት።

«ነገሯቸው እንዴ?»

«ነገርኩ» አለች። «ለወንድሜ ነገርኩ። መኪና ሊቀሙን ነው ብለው ደብቀውት ነበር፤ ዝም ብል ኖሮ አንድም መኪና አያዩም ነበር። አሁን ያባርሩኝ፤ ግን ከተማውን በእኔ ጥፋት አይቅጡት።»

መሐንዲሱ ግንባሩን ያዘ። እሱም ተቀጣሪ ነው፤ ከበላዩ አለቃ አለው። ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ ተመልሶ መጣ። «ስድስቱንም ቀን እሰርዛለሁ። ደንቡ በችግር ጊዜ አንድ ንጹሕ ቀን ይበቃል ይላል፣ ኃላፊው ራሱ ከተገኘ። ነገ አብሬዎት እቀመጣለሁ። አንድ መኪና ያለ ጉዳዩ ሲዞር ካየሁ ግን ወረቀቱን እቀደዋለሁ።»

ማታ ሾፌሮቹን በሙሉ ጎሚስታው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ለብዙ ሰው ተናግራ አታውቅም።

«ነገ አንድ ቀን ናት» አለች። «እንደ ወትሯችሁ። ሥራ ያለው ይሂድ፣ የሌለው ይቀመጥ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት። ከዚያ በፊትም በኋላም የመጣ አይቆጠርም።»

«አንድ ሁለት ዙር ብንጨምርስ?» አለ ፍሬን የለሽ። «ለክፉም ለደጉም።»

«አንድ ዙር ከጨመርክ ከተማውን አንተ ገደልከው!» ብላ ጮኸችበት። እትዬ ቆጠራ ስትጮህ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ሰባተኛው ቀን ነጋ። መሐንዲሱ ሌላ ወንበር አምጥቶ ከጎኗ ተቀመጠና የእጅ ሰዓቱን ፈቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አሥራ ሁለት እንዳለፈ የእህል መኪኖቹ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ወንድሟ ሲያልፍ ጥሩምባ እንኳ አልነፋም፤ እንደማያውቃት ፊት ለፊቱን እያየ አለፈ። እንዲህ አድርግ ያለችው እሷው ናት፣ ቢሆንም ከፋት።

ሦስት ሰዓት ላይ ሰባ ስድስት። ስድስት ሰዓት ላይ መቶ ሃምሳ አንድ። ፍሬን የለሽ እንደ ወትሮው ሁለቴ ወጥቶ ሁለቴ ተመለሰ፤ ከዚያ አመሉ አላስቀምጥ ብሎት እንደገና እስከ መገንጠያው አፋፍ መጣና፣ አየት ሲያደርጋት ትዝ ብሎት ዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ ሞላ። መሐንዲሱ በጣቱ ደመረና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ጠዋት የወረዱት ሠላሳ ምናምን መኪኖች አሥር ሰዓት ላይ መመለስ ይጀምራሉ፤ ሌላ ሌላው ሲጨመር ሦስት መቶ ያልፋል።

አሥር ሰዓት ሆነ። ከታች በኩል የመጣ የለም። አሥር ተኩል ሆነ። ከከተማው አንድ ሁለት እያለ ይወጣል እንጂ የታችኛው መታጠፊያ ጭር ብሏል። እሷ ጆሮዋን ቀስራ የምታውቃቸውን ሞተሮች ትፈልጋለች፤ የነፋስ ድምፅ ብቻ። መሐንዲሱ ሰዓቱን ማየት አበዛ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ አንድ ሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣ። ሞተር ብስክሌት በቅጹ ላይ ረድፍ የለውም። ነጂው አጠገባቸው ቆመና አቧራውን ተፋ።

«ጉሮሮው ላይ ተሳቢ ጉድጓድ ገብቶ ተጋድሟል! መንገዱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ከኋላው የተሰለፈው መኪና ዳርቻ የለውም፤ በአካፋ እየቆፈሩ ነው።»

«ወንድሜን አየኸው?»

«አካፋውን የያዘውማ እሱ ነው።»

ጉሮሮ ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚሆን ጠባብ መታጠፊያ ነው፤ ጉድጓዱን እሷም ታውቀዋለች፣ ሦስት ዓመቱ ነው። ንዴቱ አናቷ ላይ ወጣ። ሥራ ስትጀምር በዚህ መገንጠያ በቀን አምስት መቶ መኪና ትቆጥር ነበር። መንገዱ ሲቦረቦር ቁጥሩ ወረደ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ጥገናው ቀረ፤ ጥገናው ሲቀር ደግሞ ቁጥሩ ይበልጥ ወረደ። ለካ ሃያ አንድ ዓመት ስትቆጥር የኖረችው ይህንኑ ነው። ማንም ግን እሷን ጠርቶ ለምን ወረደ ብሎ አልጠየቃትም፤ ስንት ወረደ ብቻ ነው የሚሏት።

«ኢንጂነር፣ ይጠብቋቸው። እየመጡ ነው፣ ሰምተዋል።»

«ደንቡ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል፣ እትዬ። እኔ ምን ላድርግ?»

አሥራ አንድ ተኩል፤ ሁለት መቶ ሰባ አንድ። አንድ አውቶቡስ ከላይ መጣ። ሁለት ሚኒባስ ወጡ። ደቂቃው ይሮጣል፣ መንገዱ ይጎተታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ነበር።

«ሰዓቱ አልቋል» አለ መሐንዲሱ። «ይፈርሙ።» ከዚያ ተነሣና፣ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መኪናው ሄደ። ወረቀቱም እርሳሱም እሷ ጭን ላይ ነው።

የጎደለው ሃያ አንድ ነው። አራት እስርና አንድ ጭረት። ከአፍታም አይፈጅም። ልጁ ሆን ብሎ እንደሄደ ገብቷታል። እርሳሱን ከባድ ጭነት ከሚለው ረድፍ ላይ አሳረፈች። ወንድሟን አሰበች፣ ጉሮሮ ላይ በአካፋ የሚቆፍረውን፣ እየመጣ ያለውን። እውነተኛ መኪና እያለው የውሸት ጭረት ልትጭርለት ነው? አልቻለችም፤ እርሳሱን አነሣች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ቀና ስትል ነው ድምፁን የሰማችው። ከሩቅ፣ ከታች፤ ማርሽ ቀይሮ የሚያቃስት ሞተር። ከኋላው ሌላ። ከዚያም የመጀመሪያው መብራት ከመታጠፊያው ብቅ አለ፣ ከበስተኋላው ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ መንገዱን ሞልተው።

ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ መጫር ጀመረች። መሐንዲሱ ሮጦ መጣ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ሥራዬን።»

«ቅጹ እኮ ለዚህ ቦታ የለውም!»

«ጀርባው ባዶ ነው፣ ልጄ» አለችው። እስከዚያ ሰዓት አንቱ እያለችው ነበር። «ና ቁጭ በል። የደረሱበትን ሰዓት አንተው ጻፍ።»

ልጁ ትንሽ አመነታና ተቀመጠ። ወንድሟ አራተኛ ነበር። እስከ አንገቱ ጭቃ ለብሶ፣ እጁ ደም አርግዞ፣ መኪናውን አቀዝቅዞ በመስኮት ብቅ አለ።

«ደረስኩ?» አላት።

ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከሃያ አራት ነበር። ወንድሟን ዋሽታው አታውቅም።

«ደርሰሃል! እለፍ፣ እለፍ!» አለችው።

ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ። በጠቅላላው ሠላሳ አራት መኪና ነበር። መሐንዲሱ ከሥሩ «ከ12 ሰዓት በኋላ፣ በመንገዱ ብልሽት የዘገዩ፣ 34፤ ድምር 313» ብሎ ጻፈ፣ ሁለቱም ፈረሙ። ለራሴ አለቆች እኔው አስረዳለሁ፣ ይህን ያልተረዳ መሐንዲስ አይባልም ብሎ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ። ያን ሳምንት ከተማው ፎይ አለ። ጎሚስታው አዲስ ቀለም ቀባ፤ ወንድሟ መኪናዬን ላድስ ወይስ ልለውጥ እያለ ያወጣ ያወርድ ጀመር።

አራት ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ መጣ፤ በመሥሪያ ቤት መኪና ሳይሆን በሚኒባስ። ከግቢው በር ላይ ስታየው ገና ሳይናገር ገባት። ወንድሟ ወንበር አቀረበለት፣ አልቀመጥም አለ።

«የታችኛው ሆነ» አለ።

«ጀርባውስ?» አለች። «ጀርባውን አላዩትም?»

«ዋናው ወረቀት ከመዝገብ ቤት አይወጣም። ለኮሚቴው የሚቀርበው ፎቶ ኮፒ ነው።» እጁን እንደ ወረቀት ገለበጠ። «ፊቱን ብቻ ነው ያነሱት፣ እትዬ። ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝን አይተው ፈረሙ። እኔ ስሰማ አልቆ ነበር። ለመንኩ፣ ጮህኩ፤ የተፈረመ አይከፈትም አሉኝ። በስልክ ልነግርዎት አልሆነልኝም።»

ወንድሟ ወደ መሐንዲሱ ጠጋ ብሎ ጠየቀ።

«የታችኛውንም መንገድ እንዲሁ ቆጥራችኋል?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እሱስ ላይ፣ ከአሥራ ሁለት በኋላ የመጣው ስንት ነበር?»

መሐንዲሱ እንደገና ጫማውን አየ። «አልነበረም። መንገዱ ደህና ነው፤ ማንንም አያዘገይም።»

«ደህና መንገድ ስላላቸው መንገድ ተሠራላቸው በለኛ!» አለ ወንድሟ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ መሀል ላይ ቀረ። ወደ እህቱ ዞረ። ዓይኑ የሚለምን ዓይን ነበር። «አንቺ ግን ደርሰሃል ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ደርሰህ ነበር፣ ጋሼ» አለች። «በዓይኔ አይቼሃለሁ፣ በእጄ ጭሬሃለሁ። መቶ ጊዜ ቢጠይቁኝ ደርሰህ ነበር። ያልቆጠሩህ እነሱ ናቸው።»

ይህን ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።